ለማዕበል ጮኾ ለሌባ ዝም

ሰሞኑን ይህን ዓምድ ያበሸቀው የነዳጅ ሰልፍ አይደለም፤ የመብራት መቆራረጥም አይደለም። ማንም ሳይነካው መርከብ ሆድ ውስጥ ቆሞ ጩኸቱን የሚያቀልጥ መኪና ነው። ዓምዱ ከመኪና አላርም ጋር ያለውን የቆየ ጠብ ደንበኞች ያውቁታል። ነጎድጓድ ባጉረመረመ ቁጥር የኮንዶሚኒየም ነዋሪን ሁሉ ከአልጋው ስለሚያስነሡ መኪኖች በተጻፈው የተቀየሙ አንባቢዎች ገና አልታረቁም። እነሱ ሳይታረቁ ደግሞ ነገሩ ባሕር ላይ ወጣ።

ባለጉዳዩ ስቶክሆልም ውስጥ ታክሲ የሚነዳ የዓምዱ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው። ሚስቱን፣ ልጆቹንና ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡትን አማቱን በቤት መኪናው ጭኖ፣ ፊንላንድ ቱርኩ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ለመሄድ ማታ የሚነሣውን መርከብ ያዘ። የመኪናው ካርታ እስከ ወደቡ በር ድረስ መርቶት፣ ከዚያ ወዲያ በፌሪ እንደሚሻገር በድምፅ ነገረው። ገባ። መርከበኛው በእጅ ምልክት እያስጠጋ፣ ከፊቱ ካለው መኪና አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስቆመው። ማርሹ ፓርክ ላይ ሆነ፤ እጅ ፍሬን ተያዘ፤ ሪሞት ተጫነ፤ በሮቹ ተቆለፉ። ቤተሰቡም ሻንጣና ልጅ እየጎተተ ወደ ላይ ወጣ።

ከስቶክሆልም ቱርኩ ጉዞው አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ መርከቧ የምታልፈው በሺዎች በሚቆጠሩ ደሴቶች መካከል ስለሆነ ከሲኒ ሻይ እንኳ አይፈስም። ደሴቶቹ አልቀው የኦላንድ ባሕር ሲከፈት ግን ነገሩ ይለወጣል። ወዳጃችን እራቱን ገና ሲጀምር ድምፅ ማጉያው በስዊድንኛ፣ በፊንላንድኛና በእንግሊዝኛ አንድ የታርጋ ቁጥር ጠርቶ ባለቤቱ ወደ እንግዳ መቀበያው ብቅ እንዲል ጠየቀ።

«ምን አሉ ልጄ?» አሉ አማቱ።

«የሆነ ሰው መኪና እየጮኸ ነው እማዬ። እኛን አይመለከትም።»

«የኛ ታርጋ ነው እኮ አባዬ» አለች ትንሿ ልጅ፣ አፏ ድንች እንደሞላ።

«ተነሣ እንጂ ታዲያ! ሌባ ይሆናላ!»

«ባሕር ላይ የምን ሌባ አለ እማዬ? ሰርቆስ ወዴት ሊሄድ?»

የዚህ ሳምንት ጽሑፍ ቁም ነገሩ ያለው እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። ወዳጃችን ግን ሊፈላሰፍባት ጊዜ አላገኘም። እራቱን ትቶ ተነሣ።

መርከበኛው የተቆለፈውን የብረት በር ከፍቶለት አብሮት ወረደ። ታች ናፍጣና እርጥብ ብረት ይሸታል። መኪኖቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም፤ ወለሉ ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል። ከሁሉም መሀል የሱ መኪና ፍሬቻዎቹን እያርገበገበ ይጮኻል። ሪሞቱን ሲጫን ዝም አለ። መልሶ ቆለፈው፣ መርከበኛውን አመሰገነ፣ ወደ ቀዘቀዘው እራቱ ተመለሰ። ቡና ሲያዝዙ ድምፅ ማጉያው ያንኑ ታርጋ ጠራ።

ሁለተኛው መውረድ ረዘም አለ። መርከበኛው ሥራው ያስተማረው ሰው ነውና በመስተዋቱ ወደ ውስጥ አጮልቆ ሁለት ነገር አሳየው። አንደኛው ከመሀል ስፖኪዮው የተንጠለጠለች የእንጨት መስቀል ናት፤ አማቱ ከአዲስ አበባ ያመጡለት፤ መርከቧ ባዘነበለች ቁጥር ወዲያና ወዲህ ትላለች። ሁለተኛው ከጣሪያው መብራት ጎን ያለች፣ መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ነክቷት የማያውቅ ትንሽ ማጥፊያ ናት። መስቀሏ ወርዳ ኪስ ገባች፤ ማጥፊያዋ ተጫነች፤ በሩ ተቆለፈ። ላይ ሲመለስ አማቱ የሆነውን ሁሉ አዳምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ «እንግዲህ ሌባ ተብላ የተያዘችው የኔ መስቀል ናት?»

አዎ፣ እሷ ናት። ዘመናዊ አላርም ከበርና ከኮፋኖ መከፈት ሌላ ሁለት ነገር ይጠብቃል። አንደኛው ዝንባሌ የሚለካው ሴንሰር ነው። በሩ ሲቆለፍ መኪናው በምን አኳኋን እንደቆመ ይይዝና ከዚያ ትንሽ ሲጋደል ይጮኻል። የተሠራው መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማ ለሚፈታ፣ ወይም በመጎተቻ ጭኖት ለሚሄድ ሌባ ነው። ሁለተኛው ውስጡን የሚጠብቀው ነው። ብዙውን ጊዜ የሰው ጆሮ የማይሰማው፣ በሴኮንድ ወደ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይለቅና ተመልሶ የሚመጣውን ያዳምጣል። መስተዋት ሰብሮ እጁን የሚሰድ ሰው የድምፁን አመላለስ ያዛባዋል። በተረሳ መስኮት የገባ ነፋስም ያዛባዋል፤ ከእንቅልፉ የነቃ ውሻም ያዛባዋል፤ የተንጠለጠለ ነገርም እንዲሁ።

ይህ መኪና እንግዲህ መርከብ ላይ ወጣ። መርከብ ወደብ ቆማ ሳለች እንኳ ከባድ መኪና በገባባት ቁጥር ጥቂት ትጋደላለች። ባሕር ላይ ስትወጣ ደግሞ እያንዳንዱ ማዕበል ለዝንባሌው ሴንሰር ክሪክ ነው። በአውሮፓ የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 97 አላርም ባንድ ጊዜ ከ30 ሴኮንድ በላይ እንዳይጮኽ ይከለክላል፤ ሌላ መነካካት ሲመጣ ግን እንደገና እንዲጮኽ ይፈቅዳል። ከተማ ውስጥ ይህ አስተዋይ ሕግ ነው። ባሕር ላይ ግን የሚቀጥለው ማዕበል ሁልጊዜ አዲስ መነካካት ነው። እንዲህ ሲጮኽና ሲያርፍ ያደረ መኪና ጠዋት ባትሪው ሞቶ ይገኛል። ያን ጊዜ የመርከቧ አፍ ተከፍቶ፣ ከፊት ያለው ሄዶ፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ሁሉ አንድ መኪና እስኪገፋ ቆሞ ይጠብቃል።

ማጥፊያው መኖሩ አያከራክርም። የት ነው የተቀመጠው የሚለው ግን ያከራክራል። ቢኤምደብሊው ያለው ሰው የሪሞቱን መቆለፊያ በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ መጫን አለበት። መርሰዲስ በብዙ ሞዴሎቹ ጣሪያው ላይ ሁለት ማጥፊያ ሰጥቷል፤ አንዱ ለመጎተት፣ አንዱ ለውስጥ እንቅስቃሴ። ቮልስዋገን በአንዳንድ ሞዴሎቹ ከሾፌሩ በር አጠገብ ሸጉጦታል። ቮልቮ ነገሩን የተቀነሰ ጥበቃ ብሎ ሰይሞ እንደ ሞዴሉ አንዴ በማጥፊያ፣ አንዴ በስክሪን ያቀርበዋል። ቴስላ ውስጥ ከነጭራሹ የሚጫን ነገር የለም፤ ስክሪኑ ላይ የደኅንነት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ መፈለግ ነው። መኪናው ተከፍቶ እንደገና ሲቆለፍም ሴንሰሮቹ ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ጃኬት ረስታ ለመጣች ልጅ ሲባል በሩን አንዴ ከፍቶ የዘጋ አባት ሥራውን እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሌሊቱ በጩኸት ይሁን በሰላም የሚያልፈው በዚህች ትንሽ ነገር ነው።

«መመሪያውን ያላነበበ የራሱ ጉዳይ ነው» የሚሉ አሉ። እነሱን ዓምዱ ያውቃቸዋል፤ የራሳቸው መመሪያ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል። ብዙ መቶ ገጽ ነው። የፋብሪካዎቹ መሐንዲሶች በበኩላቸው ኃላፊነታቸውን ተወጥተዋል፤ የቢኤምደብሊው መመሪያ ባቡርን፣ ባሕርን፣ ተጎታችን፣ መኪና በላይና በታች የሚደረደርበትን ጋራዥና ውስጥ የቀረ እንስሳን ሳይቀር እየጠራ ሴንሰሩን አጥፉ ይላል። ማለትም ያውቃሉ። አውቀው ጽፈውታል፤ ጽፈው ሰው በማያይበት ገጽ ላይ አኑረውታል።

«ታዲያ አለመቆለፍ ነዋ» የሚሉም አሉ። ሞኝ ምክር አይደለም፤ ግን ላፕቶፑንና የልጆቹን ፓስፖርት መኪና ውስጥ ትቶ ላይ ለሚያድር ሰው አይመከርም።

ይበልጥ የሚያናድደው የመኪናው አለማወቅ ሰበብ የሌለው መሆኑ ነው። ወዳጃችንን ወደ ወደቡ የመራው፣ በፌሪ ትሻገራለህ ብሎ የነገረው፣ ያው መኪና ነው። ካርታው ላይ ራሱን በሰማያዊው ውሃ መሀል ያስቀምጣል። በባሕር ላይ መሆኑን አንዱ ክፍሉ እያወቀ፣ ከዚያው ዳሽቦርድ ጀርባ ያለው ሌላው ክፍሉ ጎማ ሊፈቱብኝ ነው ብሎ ይጮኻል። ሾፌሩ ሊተኛ ሲል በካሜራ አይቶ የሚቀሰቅስ መኪና በሚሸጥበት ዘመን፣ መርከብ ላይ ነህ፣ ሴንሰሩን ላጥፋው ወይ ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ከባድ ነው ማለት ያስቃል።

ደግሞም ፋብሪካዎቹ የባሕሩን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። ከጃፓን፣ ከኮሪያና ከቻይና አዲስ መኪና በሺዎች ጭነው የሚጓዙ መርከቦች አሉ። ፋብሪካው የራሱን መኪና እዚያ ላይ ሲጭን የማጓጓዣ ሞድ የሚባል ነገር ውስጥ ይከተዋል፤ ባትሪ የሚበላው ነገር አብዛኛው ይተኛል፤ ሻጩ ጋ ደርሶ በመሣሪያ እስኪነቃ ድረስም ትንፍሽ አይልም። የፋብሪካው መኪና ሲጓዝ ጸጥታ ተሰናድቶለታል። ያው መኪና ተሽጦ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ በገዢው እጅ መርከብ ሲሳፈር ግን ጸጥታውን ገዢው ራሱ ከጣሪያ፣ ከበር ጎን፣ ከስክሪን ሥር ይፈልግ ተብሏል።

ነገሩ የእንቅልፍና የእራት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጻፈበት። የመርከብ የመኪና ወለል ተራ ጋራዥ አይደለም። መንገደኛ መኪናው ውስጥ ልቀመጥ ቢል የማይፈቀድለት፣ በሩ ጉዞ ላይ የሚቆለፈው፣ አለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 1987 «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የምትባል የእንግሊዝ ፌሪ ከቤልጅግ ዜብሩጌ ወደብ የፊት በሯ ሳይዘጋ ወጣች። በሩን ሊዘጋ የሚገባው ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ውሃው በመኪናው ወለል ላይ ገባ፤ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ስለሆነ ውሃው ወዳንድ ጎን ተሰበሰበ፤ መርከቧም ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ በጎኗ ተጋደመች። 193 ሰው ሞተ። ካፒቴኑ ከቆመበት ሆኖ በሩ መዘጋቱን የሚያይበት መብራት አልነበረውም። የኩባንያው ካፒቴኖች ግን ይህች መብራት እንድትገጠም ከዚያ ቀደም ጠይቀው ነበር።

አንዲት መብራት፤ ማየት ያለበት ሰው ፊት ለፊት።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1994፣ ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትጓዝ የነበረችው «ኤስቶኒያ» የአፍንጫዋ መሸፈኛ በማዕበል ተገንጥሎ በዚያው በመኪናው ወለል ውሃ ገባባትና ሰጠመች። 852 ሰው አለቀ፤ የተረፈው 137 ነው። ዛሬ ከስቶክሆልም በመርከብ የሚነሣ ማንኛውም ሰው የሚጓዝበት ባሕር ይኸው የባልቲክ ባሕር ነው፤ የዕድሜ ባለጠጋ ስዊድናውያን ያቺን ሌሊት ሳያነሡ ስለ ፌሪ አያወሩም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ መጨረሻ 2014 ደግሞ ከግሪክ ወደ ጣልያን ትጓዝ በነበረችው «ኖርማን አትላንቲክ» እሳት የተነሣው ከመኪናው ወለል ነበር። የመርከብ ሠራተኞች ሌሊት ታች እየወረዱ የሚዞሩት፣ ሰንሰለት የሚፈትሹት፣ የሚያሸቱትና የሚያዳምጡት ለዚህ ነው።

ታች የወረደው ያ መርከበኛ ጆሮው የተፈለገው ለላላ ሰንሰለት፣ ለሚፈስ ነዳጅ፣ ከከባድ መኪና ማቀዝቀዣ ለሚወጣ እንግዳ ድምፅ ነው። በዚያ ሰዓት አሥር መኪና ተራ በተራ ቢጮኽ የትኛውን ይስማ? ለወጪ ወራጁ ሁሉ የሚጮኽ ውሻ ያለበት ግቢ ሌባ ቢገባ ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ መርከቧም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ወዳጃችን ሲወርድ መርከበኛው የመጣው ሊያግዘው ብቻ ሳይሆን ወለሉን ዝም ሊያሰኘው ነበር።

እንግሊዞችና ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1994 የባሕር ሥር መተላለፊያቸውን ሲከፍቱ የጉዳዩን ግማሽ አቃለሉት። መኪና በሚጭነው ባቡር ሲሻገሩ ሰው 35 ደቂቃውን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያሳልፋል፤ መስኮት ዝቅ ይላል፤ እጅ ፍሬን ይያዛል፤ የጮኸ ነገር ካለም ባለቤቱ አጠገቡ ነው። ፌሪ ላይ ግን ሰው ላይ፣ መኪና ታች ነው። አላርሙም የሚጠራው ሊሰማው የማይችለውን ሰው ነው።

እዚህ ላይ የዓምዱ የድሮ ጥያቄ ብቅ ይላል፤ ጉዳዩ ከመርከብ ወጣ የሚል አንባቢ ይታገሥ። ባሕሩን ትተን፣ ይህ ጩኸት መሬት ላይስ ማንን ይዞ ያውቃል? አሜሪካ ውስጥ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የመንገድ ኪሣራ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 በ73 ሚሊዮን መኪኖች የኢንሹራንስ መረጃ ላይ ባደረገው ፍተሻ፣ አላርም ያላቸው መኪኖች ከሌላቸው ያነሰ የስርቆት ኪሣራ እንዳላሳዩ አገኘ። ኒው ዮርክ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የመንገድ ተጠቃሚዎች ማኅበር አላርም ከነጭራሹ ይከልከል ብሎ ጽፏል። ምክንያቱ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ጩኸቱን ሰምቶ የሚወጣ ሰው የለም። የሚወጣም ካለ ባለቤቱን ሊሳደብ ነው።

ሌባን ያስቸገረው ድምፅ የሌለው ነገር ነው። ትክክለኛው ቁልፍ ካልቀረበ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያግደው ኢሞቢላይዘር በአውሮፓ ኅብረት አዲስ መኪኖች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ግዴታ ሆነ። ቫን ኡርስና ቮላርድ የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች የኔዘርላንድን መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2008 መርምረው፣ ይህ ዝምተኛ ዕቃ የመኪና ስርቆትን በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰው ጽፈዋል። ማንንም ከእንቅልፉ አልቀሰቀሰም።

ሌባውም ትምህርቱን አላቋረጠም። ለንደን ውስጥ ኢያን ታቦር የሚባል የመኪና ኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ጠዋት የቶዮታ ራቭ ፎር መኪናው የፊት ጎን ተገንጥሎ፣ የመብራቱ ሶኬት ተነቅሎ አገኘ። ጎረምሶች ይሆናሉ አለ። ተደገመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መኪናው ራሱ ጠፋ። ጉዳዩን ከጓደኛው ከኬን ቲንደል ጋር ሲመረምሩት ሌቦቹ በፊት መብራቱ ሽቦ በኩል ገብተው፣ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ መስሎ በተሠራ መሣሪያ ለመኪናው ኮምፒውተር ቁልፉ እዚህ አለ የሚል የሐሰት መልእክት ይልኩ እንደነበር ደረሱበት፤ ቲንደልም ዝርዝሩን በ2023 ለሕዝብ አወጣው። መኪናው በሩን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ሌባውን እንደ ጌታው አስተናገደ። ቁልፍ አልባ መኪኖችን በሬዲዮ ማስተላለፊያ የሚሰርቁትም እንዲሁ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የቁልፍ ምልክት በመሣሪያ ይስቡና ደጅ ላለው መኪና ያቀብሉታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አላርሙ አይጮኽም። ለምን ይጩኽ? እሱ እንደሚያውቀው የመጣው ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡ ይህ ነው፦ ማዕበል ሌባ፣ ውሻ ሌባ፣ የአማት መስቀል ሌባ፣ ሌባው ግን ባለቤት።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ከለንደን ሳይማር በራሱ መንገድ ደርሶበታል። ስፖኪዮ ሲሰረቅ አላርም ሲጮኽ የሰማ ሰው ካለ ይጻፍ፤ ዓምዱ ያትማል። ለዚህም ነው ባለመኪናው አላርሙን ተስፋ ቆርጦ፣ የታርጋ ቁጥሩን በስፖኪዮውና በመብራቱ ላይ ያስቀረጸው። ያ ቅርጽ አይጮኽም፤ ግን ዕቃው ገበያ ሲወጣ ገዢ ፊት ይመሰክራል።

ባሕር የለንም፣ ይህ ሁሉ ምን አገባን የሚል አንባቢ እንደሚኖርም ይታወቃል። መኪናው ግን በባሕር ነው የሚመጣልን፤ ከጅቡቲ ወደብ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው፤ ብዙው ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው፤ ስክሪኑም በቻይንኛ የሚያወራ ይገኝበታል። የድሮው ማጥፊያ በእጅ ተዳብሶ ይገኝ ነበር። አሁን ማጥፊያው ማንበብ በማይቻል ዝርዝር ውስጥ፣ ከሌላ ዝርዝር ሥር ነው። ወንጂም ሆነ ቱርኩ፣ መኪናው የሚጮኽበት ምክንያት ግን አልተለወጠም፤ ጎማው የተነፈሰበት ሰው መኪናውን ቆልፎ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ፣ ጎሚስታው በክሪክ ሲያነሣው የዝንባሌ ሴንሰሩ ሥራውን ይጀምራል። ጎሚስታው ጆሮውን ይዞ ባለቤቱን ይጣራል፤ ባለቤቱ እየሮጠ መጥቶ ይከፍታል፤ መልሶ ይቆልፋል፤ ክሪኩ አንድ ጣት ከፍ ሲል እንደገና ይጮኻል።

ስለዚህ ዓምዱ ዛሬ የሚጠይቀው ስዊድንን አይደለም። የስዊድን መርከበኛ ማጥፊያውን ያውቃታል። አዲስ አበባ መኪና የሚሸጡ ሰዎች ቁልፍ ሲያስረክቡ ቆዳውን፣ የጣሪያውን መስተዋትና የድምፅ ማጉያውን ብዛት አሳይተው ሲያበቁ፣ የዝንባሌና የውስጥ ሴንሰሩ ከየት እንደሚጠፋም ገዢውን ያሳዩት። ሻጩ ራሱ የማያውቀው ከሆነም ችግር የለም፤ መኪናውን ቆልፎ ክሪክ ላይ ያውጣውና እየጮኸበት፣ ገዢውና የሰፈሩ ሰው እያዩት፣ በቻይንኛው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ይፈልገው።